የባንክ ዕዳ ሊያመነኩሰኝ ሲል

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ምንኩስናን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ቆብ የጫኑ ዘመዶች አሉኝ፤ ሲመጡ ተነሥቼ ቦታ እለቃለሁ፣ ሲሄዱም በር ድረስ እሸኛለሁ። እኔ ግን ለዚያ ማዕረግ አልተጠራሁም። እኔ የተጠራሁት ባንክ ቤት ነው፤ እሱም በስልክ።

ነገሩ የጀመረው ቡሬ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቢያድግ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያርሳል። ልጠይቀው ሄጄ ስመለስ ከመናኸሪያው ማዶ ባለ አንድ ቤት በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ሰው ከቦ ሲያነብ አየሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ወረቀት አይቼ ማለፍ አልችልም። ተጠግቼ አነበብሁ። የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ቤቱ በባንክ ዕዳ ሊሸጥ ነው። የቦታው ስፋት፣ የካርታው ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም እስከ አያቱ ድረስ ተጽፏል። ከሁሉ ያሳዘነኝ የአያቱ ስም ነው። ሰውዬው ምን አደረጉ? አልተበደሩ፣ አልፈረሙ፤ ከመቃብራቸው ተጠርተው በር ላይ ተለጠፉ።

ያን ቀን ወደምኖርበት ፍኖተ ሰላም እስክደርስ አንድ ቃል አልተናገርሁም። አብራኝ የተቀመጠችው ሴት መንገድ ያመመኝ መስሏት ሎሚ ሰጠችኝ። ያመመኝ ቤቴ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በማኅበር በተመራነው ቦታ ላይ፣ ከባንክ ተበድረን የሠራነው ቤት ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ከጡረታዬ በየወሩ እከፍላለሁ። በማግስቱ ባንክ ሄጄ የብድር ክፍሏን ልጅ ስንት እንደቀረኝ ጠየቅኋት። ኮምፒዩተሯን አየት አድርጋ፣ «እማማ፣ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ይቀርዎታል» አለችኝ። «ብቻ» ያለችው እኔን ለማጽናናት ነው። ዕድሜዬን በልቤ ደመርሁና አመስግኜ ተነሣሁ። በር ላይ ስደርስ ተመልሼ፣ አስቀድሞ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። ይቻላል፤ ወለዱም ይቀንሳል አለችኝ። እንግዲህ የጥፋቴ ሁሉ መነሻ ይህች መልካም ልጅ ናት።

ዕዳ መኖሩን ባሕር ዳር ካለችው ልጄ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለምን ደበቅሽ የሚለኝ ሰው የእኛን አገር ወሬ የማያውቅ ሰው ነው። «ቤቷ በባንክ ተይዟል» የሚል ወሬ ከእኔ ደጅ ቢነሣ፣ ገበያው ጋ ሲደርስ «ሊሸጥባት ነው» ይሆናል፤ ደምበጫ ሲደርስ ደግሞ ገዢው ስሙ ታውቆ፣ አጥሩን አፍርሶ፣ እኔን ጎዳና ላይ አስቀምጦኛል። ስለዚህ በዝምታ መክፈል፣ በዝምታ መጨረስ ብዬ ወሰንሁ። ዘጠኙን ዓመት በሁለት ዓመት።

መጀመሪያ ትልቁን ቤት ለሁለት መምህራን አከራይቼ ከኋላ ያለችው ሰርቪስ ቤት ገባሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ሲገባባት አንዱ መቀመጥ አለበት። ትልቁ አልጋ በበሯ አልገባ ስላለ ሸጥሁት። ሶፋውም ተከተለው። ፍራሹን በሰሌን ላይ ዘርግቼ ተኛሁ፤ ለወገብም ጥሩ ነው ይባላል። ማን እንዳለ አላውቅም፤ እኔ ግን በየጠዋቱ ስነሣ እጠረጥረው ነበር።

ቀጥሎ መብራት ነው። አምፖሎቹን ሁሉ ነቃቅዬ አንዷን ብቻ አስቀረሁ። ወጥ ቤት ስገባ ወጥ ቤት እሰካታለሁ፣ ስወጣ ነቅዬ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ መኝታዬ እወስዳታለሁ። ማጥፊያ ቁልፍ የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ቁልፍ ይረሳል፤ ብብት ውስጥ ያለች የጋለች አምፖል አትረሳም።

ከምግብ ሽሮ ነበር። ስለ ሽሮ ክፉ አልናገርም፤ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነው። ጓሮዬ ጎመን አለ፤ ቢያድግ ድንችና በርበሬ ይልክልኛል። ሰው ሲጋብዘኝ «ጾም ነው» እላለሁ፤ የሰው ግብዣ የበላ መልሶ መጋበዝ አለበትና። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማት ብዙ ስለሆኑ ይህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ አገለገለኝ። ችግሩ ልኩን አለማወቄ ነው። የጽጌን ጾም ጾምሁ፤ ይህን የሚጾሙት ካህናትና መነኮሳት፣ ከእኛም ጥቂት ብርቱዎች ናቸው። ለፋሲካ ከሰፈሩ ቅርጫ ወጣሁ። በሬው ያለ እኔ ተገዛ፣ ያለ እኔ ታረደ፣ ያለ እኔ ተከፋፈለ። በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤቴ አንጓች ድንገት ስትገባ ሽሮዬን ፊቴ አድርጌ አገኘችኝ።

አንጓች በርበሬና ቅመም ነጋዴ ናት። እንደ እኔ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ማኅበር የምንጠጣ፣ ልቧ ደግ፣ ምላሷ ግን ቀድሟት የሚሄድ ሴት ናት። ሳህኑን አየችና፣

«በበዓለ ሃምሳ?» አለች።

«ወድጄው ነው» አልሁ።

ዝም ብላ ወጣች። አንጓች ዝም ካለች መጠንቀቅ እንደሚገባ ማወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ክረምት ገባ፤ ጠጉሬም ተራው ደረሰ። የሹሩባ ሠሪዋ ዋጋ ጨመረ፤ ለጋ ቅቤ ደግሞ የሚቀባ ሳይሆን የሚመለከቱት ነገር ሆነ። ሽበት ለተባለ ነገር ይህን ሁሉ ማውጣት አልታየኝም። አንድ ቀን መቀስ አንሥቼ ከሥሩ ከረከምሁት። ሲበርደኝ ጊዜ ግን ቆጨኝ። ሣጥን ውስጥ ቢጫ የወንድ ሹራብ ነበረኝ፤ ክርኑ አልቋል። ፈትቼ ክሩን አጠብሁና ግንባሬን የሚሸፍን ቆብ ሠራሁ። ሹራቡ የባለቤቴ ነበር። ስለዚያ ብዙ አልልም፤ ክሩ ጠንካራ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ሥጋ ትታለች፤ አልጋ ሸጣለች፤ በሰሌን ትተኛለች፤ ጠባብ ቤት ገብታለች፤ ጠጉሯን ተላጭታለች፤ ቢጫ ቆብ ጭናለች። በዚያ ላይ ባጃጅ እንዳልሳፈር ስል በጠዋት ኪዳን አድርሼ በዚያው በእግሬ ወደ ገበያ እሄዳለሁ። የጆሮ ወርቄን የሸጥሁበትን ሱቅ ሳይቀር አንድ ሰው አይቶኛል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የደመረ ሰው ባንክን አያስብም። እኔም ሌላ ሴት እንዲህ ሆና ባይ ኖሮ የማስበውን ነው ያሰቡት።

አንጓች አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ካንገራገረች በኋላ ተናገረች።

«እቴ፣ ሴቶቹ ልትመነኩሺ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

አይደለም ልል አፌን ከፈትሁ። አይደለም ካልሁ ግን ለምን አልጋ እንደሸጥሁ፣ ለምን ጠጉሬን እንደቆረጥሁ ትጠይቀኛለች። ያን ከመለስሁ ደግሞ ነገሩ ማታውን ደምበጫ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

በእኛ ዘንድ ሊመነኩስ ያሰበ ሰው አዎን አይልም፤ ትዕቢት ይሆንበታል። ዝም ይላል፤ ወይም አንገቱን ይደፋል። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። አንጓች ጉልበቴን ስማ ተነሣች።

በማግስቱ ነገሩ ከአቅሜ ወጣ። ደንግጬ ለአንዷ፣ «ኧረ እኔ ለዚያ የምበቃ ሰው አይደለሁም» ብላት፣ «አያችሁ ትሕትናዋን» ብላ ዞራ አስወራች። ለሌላዋ ቆጣ ብዬ «ውሸት ነው» ብላት፣ «አሁንስ ዓለምን ጠልታለች፣ ሰው አታነጋግርም» አለች። መካድ እንደ ማመን የሚቆጠርበት ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

እውነቱን ልናገር፤ ወሬው ጠቀመኝ። ሠርግ ሲጠሩኝ ስጦታ የሚጠብቅ ጠፋ። ምስር የምትሸጥልኝ ሴት ጣሳውን ትነቀንቅ ጀመር፤ ከዚያ በፊት የምትነቀንቀው ራሷን ነበር። የማኅበር ተራዬ ሲደርስ ሴቶቹ ተመካክረው፣ አንቺ የያዝሽው ይበልጣል፣ ድግሱን እኛ እናወጣልሻለን አሉኝ። እምቢ አላልሁም። የተረፈኝን ይዤ ባንክ ሄድሁ። ወጣቶች በየመንገዱ «እማሆይ» ይሉኛል፤ የመጀመሪያዋን ቀን ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አይቻለሁ፤ በሦስተኛው ወር ግን አቤት እል ነበር። ይህን የምጽፈው እያፈርሁ ነው።

ያልጠበቅሁት ጸሎቱን ነው። «በጸሎትዎ ያስቡኝ» የማይለኝ ሰው ጠፋ። አንዱ ላሙ ጠፍታበታለች። አንዷ ልጇ ፈተና አለበት። አንድ ባጃጅ ነጂ ጎማው በወር ሁለቴ ፈነዳበት። እኔ የሰው አደራ አልበላም፤ የመዝገብ ቤት ልማድም አለብኝና ስማቸውን ከነጉዳያቸው በደብተር መጻፍ ጀመርሁ። አንድ ገጽ ሞላ፤ ሁለት ሆነ። ጠዋት ተነሥቼ ስም እየጠራሁ ስለ እያንዳንዱ ስጸልይ አረፍዳለሁ። ላሟ ስትገኝ ሰረዝሁ፤ ወዲያው አራት ላም የጠፋባቸው ሰዎች መጡ። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለውን ተረት ማን እንደ ተናገረው አላውቅም፤ እኔ ቆብ የምቀድበት ጊዜ አልነበረኝም።

በዚህ መካከል ዕዳው እየቀለጠ ሄደ። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የቀረኝ ጥቂት ሆነ፤ አራት ወይ አምስት ወር ጥርሴን ብነክስ የሚያልቅ። ልክ በዚህ ጊዜ አንድ ሐሙስ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ሞላ መጡ። ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ በአንቀጽ ከፋፍለው ነው የሚሰጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እማሆይ» አሉ።

«ገና ነኝ» አልሁ።

«ለእኛ ሆነዋል።» ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ ማብራራት ጀመሩ። ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ስለ ሞተ ፍትሐት ይደረግለታል። ዕድሩ ደግሞ አባል ሞቶ ፍትሐት ሲደረግለት ይከፍላል። እኔ ወደ ሩቅ ገዳም ከሄድሁ ዕድሩ መጥቶ አይቀብረኝም፤ ሃያ ዓመት ያዋጣሁት ከንቱ ሊቀርብኝ ነው። ኮሚቴው በዚህ አዝኖ መክሯል። የፍትሐቱ ዕለት እንደ ሞትሁ ተቆጥሬ ገንዘቤ በእጄ እንዲሰጠኝ ወስኗል፤ እሑድ ለጉባኤ ይቀርባል። ለድንኳኑ ግን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን አሉ።

ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። ነገሩኝ። ቀሪ ዕዳዬን ዘግቶ ለባጃጅ መሳፈሪያ የሚተርፍ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ እምቢ አላልሁም። «እስቲ ላስብበት» አልሁ። እሳቸውን ሸኝቼ ተመለስሁና በሰሌኑ ላይ ተቀምጬ በእውነት አሰብሁበት። ከገንዘቡ አብዛኛው የራሴ መዋጮ አይደለምን? አንድ ቀን መሞቴ ይቀራልን? ሞቼ ከሚሰጠኝ ሳልሞት ቢሰጠኝ ማን ይጎዳል? ሰው ከራሱ ጋር ሲሟገት ሁልጊዜ ጠበቃው ጎበዝ ነው። ከዚያ ደግሞ በሌላ በኩል አየሁት። ገንዘቡን ተቀብዬ ካልመነኮስሁ ሌባ ነኝ። ሌባ ላለመባል ብመነኩስ ደግሞ ቤቱን ነጻ አውጥቼ ትቼው ልሄድ ነው። ሁለት ዓመት ሽሮ የበላሁት ለማን ነው?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ቢያድግ ነው፤ አንድ በግ ይዟል። በጉ ከቡሬ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ስለመጣ ሁለቱም አቧራ ጠጥተዋል። የወንድሜ ዓይን ግን የቀላው በአቧራ አልነበረም።

«እታለም፣ ከሰው ልስማው?» አለኝ።

በጉ ለመሰናበቻዬ ነው። ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ቢያድግ ምስጢር ሲነግሩት ሰውነቱ ሁሉ ይናገራል፤ ገና በሕፃንነቱ እንቁላል ሰርቆ የበላ ቀን ሳይጠይቁት ለሦስት ሰው ነግሯል። ዝም አልሁ። እሱም ዝምታዬን እንደ ሰዉ ተረጎመው። አንገቱን ደፍቶ ሲያበቃ ያሰበውን ተናገረ። ለገዳም የምይዘው ጥሪት እንደሌለኝ ሰምቷል፤ አልጋ እንኳ የለኝም። ስለዚህ አንዱን በሬውን በሚመጣው ገበያ ቡሬ አውጥቶ ሊሸጥልኝ ነው።

«በአንድ በሬ ምን ልታርስ ነው?» አልሁት።

«ከጎረቤት ጋር እቀናጃለሁ። አሳድገሽኛል እኮ።»

እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ሴት አይደለሁም። በጉን ላስር ብዬ ወጣሁ። በጉ አስቀድሞ ታስሮ ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ አላምረው ሄድሁ። ዓመት ሙሉ ስሸሻቸው ነበር። ኪዳን ላይ ሳያቸው በሴቶች መካከል እደበቃለሁ፤ ቤቴን ሊባርኩ ሲመጡ ገበያ ነኝ። ከዐጸዱ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ስሜ ቆምሁ።

«አባ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ስጠብቅሽ ከረምሁ» አሉኝ። «የመመንኮስሽን ወሬ ሰምቻለሁ፤ አላመንሁም። ሊመነኩስ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ንስሐ አባቱ ነው። አንቺ ወሬው ከተነሣ ወዲህ መንገድሽን ቀየርሽ። ጥሩ ነገር የያዘ ሰው ከእኔ አይሸሽም፤ ምን ይዘሽ ነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ባንኩን፣ አምፖሏን፣ ዕድሩን፣ በሬውን። አንድም ቦታ አላቋረጡኝም። አምፖሏ ላይ ብቻ ጢማቸው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ቀኖና እንዲሰጡኝ ለመንሁ።

«ጾም እንዳልሰጥሽ ዓመት ሙሉ ጾመሻል። መንገድ እንዳልሰጥሽ በእግርሽ ሄደሽ ጨርሰሻል» አሉ። «ቀኖናሽ ይህ ነው፤ ነገሩን ባደገበት ቦታ ቆመሽ ተናገሪው። ቶሎ አድርጊው፤ ወንድምሽ ቡሬ ሳይደርስ።»

ቤት ገብቼ ለቢያድግ ነገርሁት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ትከሻውን ያዝሁት። እየሳቀ ነው። መሳቁን ሲያቆም ስለ በሬው እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ስለ እኔ ግን ምንም አላለም፤ ተነሥቶ ወደ መናኸሪያ ሄደ። እሑድ ጠዋት ቡሬ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም ይባላል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድሩ አዳራሽ ሰው ሞልቷል። ጋሽ ሞላ ሦስት ተራ ጉዳዮችን አሳልፈው ወደ እኔ ደረሱ። ከመናገራቸው በፊት ተነሣሁ። ቆቤን አወለቅሁ። ጠጉሬ ትንሽ አድጎ እንደ ገብስ ቆሞ ነበር።

«የምመነኩስ አይደለሁም» አልሁ። «አስቤም አላውቅ። ቤቴ በባንክ ተይዟል፤ ዕዳውን ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው የቆጠብሁት። ወሬው ሲነሣ ዝም አልሁ፤ ዝም ማለቴም ጠቀመኝ። በጸሎት አስቢኝ ያላችሁኝን ሁሉ አስቤያችኋለሁ፤ ደብተሩ አለ። ገንዘቡን ግን አልወስድም። ይቅር በሉኝ።»

ይህን ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር በሰው ፊት አድርጌ አላውቅም። አንጓች ከፊቴ ተቀምጣለች፤ ዞር አላለችም። የምንኩስና ቀሚሱን በድብቅ አሰፍታ ጨርሳ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ጆሮዋ ቀልቶ ሳየው የቁጣውን ልክ ገመትሁ። ቤቴን ለማዳን ስል ሰው አጣሁ ብዬ ልነሣ ነጠላዬን ሰበሰብሁ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስድብ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ቀድሞ ሲከፈል ቅጣት የለበትም?» አሉ።

«የለበትም» አልሁ።

ከመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት፣ «ተጨማሪ ሲከፈል የሚቀነሰው ከዋናው ነው ወይስ ከወለዱ?» አለች።

«ከዋናው ነው፤ ግን ማመልከቻ መጻፍ አለብሽ።»

«ማመልከቻውን ማን ይጽፋል?» አለ ሌላ ሰው።

ይህ ቤቱን በባንክ ያላስያዘ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አልነበረም። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የተረዳሁት፤ ጠያቂዎቹም እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ። አንዱ ወፍጮ ሊተክል፣ አንዱ ልጁን ሊልክ፣ አንዷ ጣራ ልታለብስ ቤቱን አስይዟል። ሁሉም በየቤቱ የዘጋውን በር ዘግቶ፣ ደምበጫ እንዳይሰማ ሲጠነቀቅ ኖሯል። ጋሽ ሞላ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው፣ ከአጀንዳ ወጥተናል፣ የተያዘው ጉዳይ የአባሏ ጥፋት ነው አሉ። መተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ። ስብሰባ ለቀረ ቅጣት አለ፤ ድስት ለሰበረ ቅጣት አለ፤ ሳይመነኩስ ለመነኮሰ ግን አንቀጽ አልተገኘም። ደንቡን ዘጉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለመሆኑ ካርታው ሲመለስ ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ያን ጊዜ አንጓች ዞር አለች። ለካ የቀላው ጆሮዋ በቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ለልጇ ሚኒባስ ስትል ቤቷን ካስያዘች ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

«አንቺ ክፉ ሴት» አለችኝ። «አጥር ለአጥር ሆነን፣ እኔ በጭንቀት ስነድ አንቺ ሽሮሽን ትበያለሽ? የማኅበር ተራሽን ታወጫለሽ፤ ከነወለዱ።»

ጉባኤው ይህን እንደ ውሳኔ ተቀብሎ ሳቀ። እኔም ከነወለዱ አወጣሁ። ያን ወር ባንክ አልሄድሁም፤ የቢያድግ በግ ታረደ፤ ጠላው ተጠመቀ፤ ሁለት ዓመት የቀረብኝን ሥጋ ዓይኔን ሳላሽ በላሁ። ቀሚሱን አንጓች ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሚኖሩ እውነተኛ መነኩሲት ሰጠቻቸው፤ ልክ በልክ ሆነላቸው። ወጣቶቹ ግን እስካሁን «እማሆይ» ማለቱን አልተዉም፤ ማረም ሰልችቶኛል።

ከዚያ ወዲህ ዕዳዬን በግልጽ ከፈልሁ። አንድ ነገር ልመስክር፤ የሚታወቅ ዕዳ ከሚደበቅ ዕዳ ይቀልላል። መንገድ ላይ ጋሽ ሞላ ኮፍያቸውን አንሥተው ስንት እንደ ቀረኝ ይጠይቁኛል፤ እኔም የእሳቸውን እጠይቃለሁ። አንጓች ማመልከቻዋን እኔ ጽፌላት አስገብታለች። በሰሌኑ ላይም ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

የመጨረሻውን የከፈልሁ ዕለት የብድር ክፍሏ ልጅ፣ «ጨርሰዋል እማማ» አለችኝ። እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ደገመችልኝ። ደብዳቤውን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ፤ እገዳው ተነሣ፤ ካርታዬም በእጄ ገባ። ወደ ቤት አልሄድሁም። መምሬ አላምረው ሲያልቅ አሳዪኝ ብለውኝ ነበርና ወደ እሳቸው ሄድሁ።

ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። አገላብጠው ሲያዩ ቆዩ። በካርታው መሐል ቤቴ በቀጭን መስመር ተሥላለች፤ የአውራ ጣት ጥፍር አታህልም። ጣታቸውን ቢያኖሩባት ጠፋች።

«ይህች ናት?» አሉ።

«ይህች ናት አባ።»

«ይህችን ለምታህል ነው በቁምሽ ፍትሐት ልታስደርጊ የነበረው?»

«ትንሽ ናት» አልሁ። «አሁን ግን መላዋ የእኔ ናት።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና በመስቀላቸው ባረኩኝ።

«እንግዲያውስ ግቢባታ» አሉኝ።

መምህራኑ በወሩ መጨረሻ ትልቁን ቤት ለቀቁልኝ። ገባሁባት።